አዲስ ድሬድሽን ሰም አታስቀቢ፣ ሥሩንም በየሁለት ሳምንቱ አታስጠምዝዢ

ሰላም እህቴ። ድሬድ ካስጀመርሽ ሁለት ወር ገደማ እንደሆነሽ፣ ሥሩ እየተፈታ ላዩም እየተንጨባረረ እንዳስቸገረሽ፣ ጭንቅላትሽን እንደሚያሳክክሽ ጽፈሻል። የሠራችልሽ ባለሙያ ደግሞ «ሦስት ወር ሳይሞላው ውሃ አይንካው፤ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሽ በሰም ይጠምዘዝልሽ» እንዳለችሽ ነግረሽናል። ለእኔም የተነገረኝ ይኸው ምክር ነበር። ምክሩ ከሁለቱም ጆሮዎቼ በላይ ያለውን ጸጉሬን አሳጥቶኛል፤ ዛሬ ወገቤ ላይ የሚደርሰውን ጤናማ ድሬድ ያሳደግኩት ምክሩን ትቼ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ አትሰልቺብኝ።

1. ሥሩ አልተፈታም፣ ያደገ ነው። ጸጉር በወር በአማካይ ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ከፍ ስለሚል፣ ሁለት ወር የሞላው ድሬድ ከሥሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ገና ያልተያያዘ አዲስ ጸጉር ይኖረዋል። አንቺን ያስጨነቀሽ ይህ ነው። ድሬድን ድሬድ የሚያደርገው የእጅ ጥምዘዛ አይደለም፤ ከራሳችን በየቀኑ የሚረግፈው ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጸጉር መውጫ አጥቶ ካልረገፈው ጋር ውስጥ ለውስጥ ሲጠላለፍ ነው የሚጠብቀው። አንዱን ድሬድ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ይዘሽ ከላይ እስከ ጫፍ ቀስ ብለሽ እየዳሰስሽ ውረጂ። መሐሉ ላይ ጠጠር ያለች ጉብታ ካገኘሽ መያያዝ ጀምሯል ማለት ነው፤ በዙሪያዋ ያለው መንጨባረርም የዚሁ ምልክት ስለሆነ በቅባት ለማስተኛት አትድከሚ። ሙሉ በሙሉ እስኪያያዝ እንደ ጸጉሩ ጠባይ ከግማሽ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል፤ ጥቅልል ጸጉር ይፈጥናል፣ ለስላሳው ይዘገያል።

2. እጠቢው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ተገቢ ነበር፤ አንቺ ግን ያንን ጊዜ አልፈሻል። ወዝና ላብ የተጠራቀመበት ጸጉር እርስ በርሱ ይንሸራተታል እንጂ አይያያዝም፤ ንጹሑ ነው የሚተበተበው። ቅሪት የማይተው ሻምፖ በውሃ አቅጥነሽ አፈ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሪና በየመስመሩ መካከል ቆዳው ላይ አንጠብጥቢ፤ ከዚያ በጥፍር ሳይሆን በጣትሽ ጫፍ እሺው። ጥምዝዙ ይፈታል ብለሽ ከሰጋሽ ስስ የናይለን ስቶኪንግ ራስሽ ላይ አጥልቀሽ በላዩ እጠቢ። ጨምቀሽ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አለቅልቂው። ወፍራም ኮንዲሽነር ውስጡ ስለሚቀር አይጠቅምሽም። ስትታጠቢ ሁሌም ጠዋት ይሁን፤ ድሬድ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያልና፣ እንደዚያው ከተኛሽበት ጊዜ ቆይቶ የሻጋታ ሽታ ያመጣል፤ ያ ሽታ አንዴ ከገባ ለማስወጣት መከራ ነው። ፎጣ ውስጥ አድርገሽ ጭመቂው፣ ከዚያ ለብ ባለ ፎን ወይም በካስክ ሥር አድርቂው። ገና ሳይደርቅ በሥራቸው በኩል የተያያዙትን ጎረቤታሞች አንድ በአንድ ለያዪያቸው፤ ይህን ብትተዪ ሁለቱ አንድ ሆነው ያድጋሉ።

3. ሰም አታስቀቢ። ይህን ነጥብ በአንድ መስመር መዝጋት ይቻል ነበር፤ ግን ምክንያቱን ካላወቅሽ ነገ ሌላ ባለሙያ በሌላ ስም ትቀባሻለች። እኔን የሠራችኝ ባለሙያ ስመ ጥር ነበረች። ጽሑፍ ከሌለበት ቆርቆሮ ጥርት ያለ ቢጫ ነገር እየዛቀች ስትቀባኝ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ «ጄል ነው፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ጄል ቢሆን ኖሮ ይደርቅ ነበር። የትራሴን ጨርቅ ቢጫ አድርጎ አበላሸው፤ አቧራውንና የልብስ ብናኙን ሁሉ እየሳበ ድሬዴን አመድማ አደረገው፤ ባጠብኩት ቁጥርም ውሃው ላዩ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ አይዘልቀውም ነበር። በኋላ አንዱን ቆርጬ በቁመቱ በምላጭ ስከፍተው፣ መሐሉ ላይ ጣት የሚያጣብቅ ግራጫ ጭቃና የክር ብጥስጣሽ ተጋግሮ አገኘሁ። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ ይህን ያህል የጋለ ውሃ ደግሞ ቆዳን በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። ሰም የገባበትን ድሬድ በሙቅ ውሃ አጠራዋለሁ ማለት የማይሆን ነገር እንደሆነ ከዚህ ማየት ትችያለሽ። ቫዝሊንም በውሃ የማይለቅ ስለሆነ ከዚሁ ወገን ነው።

ሰሙ ጸጉሬን አበላሸ፤ ቆዳዬን የጎዳው ግን ጥምዘዛው ነበር። ከዚያች ወንበር ስነሣ ዓይኔን ስጨፍን የግንባሬ ቆዳ ይሳብ ነበር፤ ሌሊቱን በጎኔ መተኛት አልችልም፤ በማግስቱ ደግሞ በጆሮ ግንዴ ዙሪያ በየድሬዱ ሥር ጫፋቸው ነጭ የሆነ ጥቃቅን ብጉሮች ይወጣሉ። ይህንን ስነግራት ሌሎች ደንበኞች እየሰሙ «ጸጉርሽ ደካማ ስለሆነ ነው፣ ቆዳሽ ይለምደዋል» ብላ መለሰችልኝና ይባስ ብላ አጥብቃ ጠመዘዘችው። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ታናድደኛለች፤ ቆዳ መጎተትን አይለምድምና። የቆዳ ሐኪም ጋ ስሄድ ከሥር መጎተት የሚመጣ የጸጉር መርገፍ መሆኑን ነገረኝ፤ በጊዜ ከተደረሰበት ጸጉሩ ይመለሳል፣ ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ለዘለቄታው ይቀራል። የእኔ አብዛኛው ተመልሷል፤ ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለች ትንሽ ቦታ ግን እንደተራቆተች ቀርታለች።

እህቴ፣ እስኪ ሒሳቡን እንመልከተው። በሁለት ሳምንት የሚያድገው ጸጉር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ምኑ ይጠመዘዛል? ባለሙያዋ የምትይዘው ነገር ስታጣ ቀድሞ የተጠመዘዘውን እንደገና ትጎትተዋለች፤ ሥሩም በየጊዜው እየቀጠነ ሄዶ ድሬዱ በክር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ስለዚህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቂ። ስትሄጂም ከታጠበ በኋላ ሳይደርቅ፣ ስስ የእሬት ወይም የተልባ ጄል ተቀብቶ፣ ላላ ተደርጎ እንዲሠራልሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ይህም ቢሆን ሲደራረብ ነጭ ቅርፊት ስለሚያወጣ በጣት ጫፍ የምትያዝ ያህል ትበቃለች። ወንበሩ ላይ እያለሽ ካመመሽ አስቁሚያት። በዚያው ሌሊት ካመመሽ ሥሩን በውሃ አርጥበሽ አላዪው፤ ብጉር ካየሽ ቆዳው ድኖ እስኪያበቃ ማንም አይንካው። ወደ ላይ ሰብስቦ አጥብቆ ማሰርም ያው መጎተት ነው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ጸጉሬን ለማንም አልሰጠሁም። ሰም የጠገቡትን ቆረጥኳቸው፣ የቀሩትን በእጄ ነው ያሳደግኳቸው፤ አሁን እነዚያው ባለሙያዎች መንገድ ላይ አስቁመው የት እንዳሠራሁት ይጠይቁኛል። የምቀባው ጥቂት ቀላል ዘይት ቢሆን ነው፣ እሱም ቆዳው ሲደርቅ ብቻ። ሌሊት በሳቲን ሻሽ እጠቀልለዋለሁ፤ የጥጥ ትራስ እርጥበቱን እየመጠጠ ብናኙን ይተውበታልና።

እዚሁ ሥር ቤኪንግ ሶዳ የሚመክሩሽ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። የጭንቅላት ቆዳ በፒኤች ልኬት (በአሲዳማነት መለኪያ) 5.5 አካባቢ ያለ ለስላሳ አሲዳማነት ሲኖረው፣ በውሃ የሟሟ ሶዳ ግን ከ8 በላይ ነው፤ እየደጋገሙ ሲነክሩበት ጸጉሩን ያደርቀዋል፣ ይሰባብረዋልም። ለአዲስ ድሬድ ፈጽሞ አያስፈልግም።

ማሳከኩን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ መታጠብ ብቻውን ያቆመዋል። ታጥበሽም ቅባታማ ቢጫ ቅርፊት ከቀጠለ ፎሮፎር ሊሆን ስለሚችል ኬቶኮናዞል ያለበትን ሻምፖ የመድኃኒት ባለሙያ ጠይቂ። ክብ ሆኖ የተመለጠና የተቀረፈ ቦታ ካየሽ ደግሞ ቆረቆር ሊሆን ይችላልና ሳትዘገዪ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ እሱ በቅባት ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ፤ የተጀመረልሽ በማበጠሪያ ጥምዘዛ ነው፣ በሹሩባ ነው ወይስ በኪሮሽ መርፌ? በኪሮሽ ከሆነ ስቶኪንጉም አያስፈልግሽም፣ ዛሬውኑ መታጠብ ትችያለሽ። ሰሙ ስንት ጊዜ እንደተቀባም ጨምረሽ ጻፊልን፤ አንዴ ብቻ ከሆነ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ብዙውን ማስለቀቅ ስለሚቻል፣ እንዴት እንደሚደረግ ለብቻው እጽፍልሻለሁ።