«አንዳንዴ ብቻ ነው» የምትሉት ባግ

ልጆች፣

በዚህ ሙያ ብዙ ቆይቻለሁ። ፕሮግራሙ አልሰራ አለ ሲሉኝ አልደነግጥም። አልሰራ ያለ ነገር ተፈልጎ ይገኛል። «አንዳንዴ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው፣ ሪስታርት ሳደርገው ይስተካከላል» የሚል ልጅ ሲመጣ ግን የያዝኩትን ሥራ አስቀምጣለሁ።

የኦፕሬቲንግ ሲስተምን ኮርስ አብዛኞቻችሁ ወስዳችኋል። ለፈተና ሸምድዳችሁ፣ ሥዕሉን ስላችሁ፣ ውጤታችሁን ተቀብላችሁ ረስታችሁታል። አልፈርድባችሁም፤ ዛሬ ሁሉንም ፍሬምወርኩ ይሸፍንላችኋል። ግን ከምትጽፉት የክፍያ አፕም ሆነ ድረ ገጽ ሥር ሁለት ነገሮች ሌት ተቀን ይካሄዳሉ። ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ይፈጠራል፣ ፕሮሰሶቹ ደግሞ በጋራ ነገር ይሻማሉ። እነዚህን ሁለቱን በወሬ ሳይሆን በእጃችሁ ነክታችሁ እወቋቸው።

በፎርክ ጀምሩ፤ አንዱን ፕሮሰስ አባዝቶ ሁለት የሚያደርግ ጥሪ ነው። ሊኑክስ ላይ በሲ ቋንቋ ጥቂት መስመር ይበቃችኋል። በፕሪንትኤፍ «ሰላም» በሉና መስመሩን ዝጉ፣ ቀጥሎ ፎርክን ጥሩ፣ አለቀ። ተርሚናል ላይ ስታስኬዱት «ሰላም» አንዴ ይወጣል። አሁን ኮዱን ሳትነኩ ውጤቱን ወደ ፋይል ላኩትና ፋይሉን ክፈቱ። «ሰላም» ሁለቴ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተርሚናል ላይ ጽሑፉ መስመሩ እንዳለቀ ወዲያው ይወጣል። ወደ ፋይል ሲሄድ ግን ባፈር (ጊዜያዊ ማቆያ ሜሞሪ) ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል። ፎርክ ደግሞ ፕሮሰሱን የሚያባዛው ከነሜሞሪው ነው፤ ባፈሩም አብሮ ይባዛል። ስለዚህ ወላጁም (የመጀመሪያው ፕሮሰስ) ልጁም (ቅጂው) ሲጨርሱ እያንዳንዳቸው በእጃቸው የቀረውን «ሰላም» ያወጣሉ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው የፎርክን ነገር ዳግም አይረሳም። (ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ ዴኒስ ሪቺ እንደጻፈው፣ በፒዲፒ-7 ማሽን ላይ የመጀመሪያው ዩኒክስ ሲሰራ ፎርክ የፈጀው 27 መስመር አሴምብሊ ብቻ ነበር። ትልቅ ነገር ሁሌ ረጅም ኮድ አይፈልግም።)

ልጅ የወለደ ወላጅ ደግሞ ዌይትን ይጥራ፤ የልጁን መጨረሻ ተቀብሎ ከመዝገብ የሚያሰርዝ ጥሪ ነው። አለበለዚያ የሞተው ልጅ መዝገቡ ላይ ዞምቢ ሆኖ ይቀራል። ኪል ብትሉትም ወይ ፍንክች፣ ቀድሞ ሞቷላ። ዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) የምትጠቀሙ በተለይ ይህን ልብ በሉ።

አሁን ወደ ሽሚያው እንሂድ። ሁለት ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ፍጠሩና አንድን ቆጣሪ እያንዳንዳቸው ሚሊዮን ጊዜ አንድ አንድ ይጨምሩበት። ሁለት ሚሊዮን ትጠብቃላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ግን ከዚያ ያነሰ ነው፣ በየሩጫውም ይለያያል። «አንድ ጨምር» ለእናንተ አንድ መስመር ነው። ለሲፒዩው ግን አንብብ፣ ደምር፣ መልሰህ ጻፍ ነው። አንዱ 41ን አንብቦ ሳይጽፍ ሌላውም 41ን ካነበበ ሁለቱም 42 ይጽፋሉ። አንዱ ጭማሪ ጠፋ። የስህተት መልዕክት የለም፣ ሎግ ላይ የሚታይ ነገር የለም።

የአውቶብስ ቲኬት ሲሸጥም ያው ነው። «ወንበር 12 ክፍት ነው?» ብሎ ጠይቆ ከዚያ የሚሸጥ ኮድ የበዓል ዋዜማ ላይ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ይሸጣል። በአዘቦት ቀን ስትሞክሩት ግን አንዴም አያስቸግራችሁም። ጥያቄውና ሽያጩ መሃል ሌላ ሰው እንዳይገባ ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል፤ አንድ ጉዞ ላይ አንድ ወንበር ሁለቴ እንዳይመዘገብ አድርጉ።

ስለ «አንዳንዴ» ካነሳሁ የማርስ ፓዝፋይንደርን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። መንኮራኩሩ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ በሰላም አረፈ። ከቀናት በኋላ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ሪሴት ማድረግ ጀመረ። በተነሳ ቁጥር የዚያን ቀን ቀሪ ሥራ ለነገ ይተላለፋል።

ምክንያቱ አንድ ቁልፍ ነበር፤ ሚዩቴክስ ይሉታል፣ የጋራውን ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲነካው ያደርጋል። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ሥራ ቅድሚያው ዝቅተኛ ነው፤ የጋራውን ሚዩቴክስ ይዟል። ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው፣ በመረጃ መስመሩ የመጣውን የሚያከፋፍለው ሥራ፣ ያንን ቁልፍ ይጠብቃል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም፤ ትንሹ ጨርሶ ይለቃል። ግን መሃል ላይ ቅድሚያቸው መካከለኛ የሆነ፣ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስዱ ሥራዎች ይመጡና ሲፒዩውን ከትንሹ ይነጥቁታል። ቁልፉን የያዘው መሥራት አልቻለ፣ ትልቁም ቁልፉን አላገኘ። ሥራው በሰዓቱ አለማለቁ ሲታወቅ ሲስተሙ «የሆነ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ሁሉንም ከዜሮ ያስነሳዋል።

መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለው አምሳያ ደጋግመው ሞክረው ያዙት። መፍትሔው አንዲት ቅንብር መቀየር ሆነ፦ ቁልፉን የያዘ ሥራ፣ የሚጠብቀውን ሥራ ቅድሚያ ለጊዜው ይውሰድ። ቪኤክስወርክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይህ ችሎታ ነበረው፤ እዚያ ቁልፍ ላይ ግን አልበራም ነበር። ማርስ ድረስ ልከው አበሩት።

ይህ ሪሴት ግን ከጉዞው በፊትም በሙከራ ላይ ታይቶ ነበር። ሊደግሙት ስላልቻሉና ትኩረታቸው ማረፊያው ላይ ስለነበር አለፈ። እነሱን መውቀስ አይገባም፤ ማረፍ ካልተቻለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ያዳናቸው ሲስተሙ የሚሠራውን የሚመዘግበውን የክትትል መሣሪያ «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብለው ከሶፍትዌሩ አለማውጣታቸው ነው። እናንተ ፕሮዳክሽን ላይ ሎጉን ለመቀነስ ስትጣደፉ ይህን አስቡ።

«ታዲያ ሁሉም ቦታ ቁልፍ ልክተት» የሚል አይጠፋም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንዱ የደንበኛውን ቁልፍ ይዞ የሂሳቡን ይጠብቃል፣ ሌላው የሂሳቡን ይዞ የደንበኛውን ይጠብቃል። ጠባብ ቅያስ ውስጥ ፊት ለፊት እንደተፋጠጡ ሁለት ሚኒባሶች ቆመው ይቀራሉ። ዴድሎክ ይሉታል። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሰራል፦ ቁልፎቹን ተራ ስጧቸው፣ ቲሙ በሙሉ በዚያ ተራ ብቻ ይያዝ፣ ተራውም ኮዱ ላይ ይጻፍ። ቁልፍ ይዛችሁ የኔትወርክ መልስ አትጠብቁ። «ስሊፕ (ትንሽ ቆይ የሚል ትእዛዝ) ስጨምርበት ተስተካከለ» የሚል ኮድ ደግሞ እኔ አላጸድቅም፤ ባጉ ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም።

ቅድም ያስጻፍኳችሁን የቆጣሪ ፕሮግራም አታጥፉት። በጂሲሲ ወይም በክላንግ ኮምፓይለር ትሬድ ሳኒታይዘርን አብርታችሁ አስኪዱት፤ ሽሚያው የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። ከዚያ የመሥሪያ ቤታችሁን ኮድ ስጡት። ፕሮግራሙን ከ5 እስከ 15 እጥፍ ስለሚያዘገየው ሌሊት ሰው በሌለበት ቢሮጥ ይሻላል፤ ጠዋት ሪፖርቱን ከኢሜይላችሁ በፊት ክፈቱት።