ተከታታይ የምናብ መጻሕፍትን ለምታነቡ የጎንደር ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በጎንደርና በአካባቢው ችሎቶች ተሰይሜ የሰው ክርክር ሳዳምጥ ያሳለፍሁ ጡረተኛ ዳኛ ነኝ። የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሕግ ትምህርት አይደለም፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ ሳላቋርጥ ስላነበብኋቸው ስለ ተከታታይ የጀብዱና የምናብ መጻሕፍት፣ እናንተ «ፋንታሲ» ስለምትሏቸው ነው። ብዕር ያስነሣኝ በየቤቱ የምሰማው ነቀፋ ነው። ወላጆች ልጃቸው ዘንዶና ጠንቋይ የሞላበት ወፍራም መጽሐፍ ታቅፎ ሲያመሽ ያዩና «ተረት ተረት ስትል ፈተናው ደረሰብህ» ይሉታል። ልጁም መልስ ሲያጣ «እንግሊዝኛዬን ላሻሽልበት ብዬ ነው» ይላል። ይህ ሐሰት ባይሆንም፣ ከእነዚህ መጻሕፍት ከሚገኘው ትርፍ ትንሹን ብቻ የሚናገር መልስ ነው።

እኔ ያተረፍሁት ሌላ ነው። ጥሩ የምናብ መጽሐፍ የራሱን ሕግ ያወጣል፤ ካወጣ በኋላም ለሕጉ ይገዛል። ደራሲው በመጀመሪያው ክፍል «አስማት ዋጋ ያስከፍላል» ብሎ ከደነገገ፣ በአምስተኛው ክፍል ጀግናው ሲጨንቀው ዋጋ ሳያስከፍል ሊያድነው አይገባም። በገሃዱ ዓለም ታሪክ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ ከሆነ አንባቢው ነገሩን ከሚያውቀው ኑሮ ጋር ያመዛዝነዋል። በምናብ ዓለም ውስጥ ግን የሚመዛዝንበት ሌላ ነገር ስለሌለው፣ ደራሲው ራሱ የተናገረውን ቃል ይዞ ደራሲውን መጠየቅ ይኖርበታል። ብዙ ሺህ ገጽ ያለውን ተከታታይ ስታነቡ በመጀመሪያው ቅጽ የተሰጠውን ቃል እስከ መጨረሻው ቅጽ በልባችሁ ይዛችሁ ትጓዛላችሁ። ችሎት ላይ ከዳኛ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ ከሳሽ በመጀመሪያው ቀጠሮ የተናገረውን ዳኛው ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ካላስታወሰው መዝገቡ ቢወፍር ፋይዳ የለውም።

አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የጄ ኬ ሮውሊንግ የ«ሃሪ ፖተር» ተከታታይ ሰባት መጻሕፍት ያሉት ሲሆን ከ1997 እስከ 2007 ድረስ ታትሞ አልቋል። (በሌላ መንገድ ካላመለከትሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1998 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ አንድ አሮጌ ማስታወሻ ደብተር አለ። ደብተሩ በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ይወድማል፤ አንባቢውም ነገሩ ያለቀ መስሎት ይዘጋዋል። ደብተሩ በእርግጥ ምን እንደነበረ የሚታወቀው ግን በ2005 በወጣው በስድስተኛው መጽሐፍ ነው። መጻሕፍቱ በወጡበት ጊዜ ላነበበ ሰው ያ ማስረጃ ሰባት ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ስድስተኛውን ጨርሳችሁ ወደ ሁለተኛው ብትመለሱ ደራሲዋ አንድም ቃሏን እንዳላጠፈች ታያላችሁ። እኔ በልጆቼ ግፊት ያነበብሁት ቢሆንም፣ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ የእርሳሴን ጫፍ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ለረጅም ጊዜ ማሰቤን አልሸሽግም።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ሌ ጉዊን በ1968 የጀመረችው የ«ኧርዝሲ» ተከታታይ ነው። ያ ዓለም በባሕር የተከበቡ ደሴቶች ዓለም ነው። ሕጉም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ማንኛውም አስማት ሚዛን ያናጋል፤ በአንዱ ደሴት ዝናብ የጠራ ጠቢብ በሌላው ደሴት ድርቅ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ፍጥረት እውነተኛ ስም አለው፤ ያንን ስም ያወቀ በባለስሙ ላይ ሥልጣን ያገኛል፤ ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን የሚነግረው ነፍሱን ለሚያምነው ብቻ ነው። ይህን ሳነብ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም። ጎንደር ውስጥ ያደገ ሰው፣ የክርስትና ስሙን ለማያውቀው ሰው እንዳይነግር፣ በተለይም ደብተራ ድግምት እንዳይሠራበት እንዲጠነቀቅ በአያቱ ተመክሯል። ሌ ጉዊን ስለ እኛ አያቶች የምታውቀው ነገር ይኑር አይኑር ለእኔ አያስጨንቀኝም፤ የሚያስደንቀኝ ግን ለንደንም ኒውዮርክም ያለው አንባቢ በብዙ ማብራሪያ የሚረዳውን ሕግ የእኛ ልጅ ከገበታ ዙሪያ ሰምቶት ያደገ መሆኑ ነው። ስለዚህ «እነዚህ መጻሕፍት የፈረንጅ ናቸው፣ ለእኛ ባዕድ ናቸው» የሚላችሁን በቶሎ አትመኑ። ዘንዶውም ቢሆን ባዕድ አይደለም፤ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ሲንፈራገጥ እያየን ነው ያደግነው። (የእምነትን ነገር ከልብ ወለድ ጋር አንድ አድርጌ ማየቴ እንዳይደለ ግን ይታወቅልኝ።)

የቶልኪንን ባለ ሦስት ቅጽ የቀለበት ታሪክ በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ፊልሙን ያያችሁ ስለምትበዙ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ተከፍሎ ቢወጣም ደራሲው እንደ አንድ ሥራ የጻፈው ስለሆነ፣ ከመካከለኛው ቅጽ የሚጀምር ሰው ከክርክሩ መሐል እንደገባ ታዛቢ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቀለበቱ የያዘውን ሰው ሁሉ ያበላሻል የተባለው ሕግ ቀለበቱ እስኪጠፋ ድረስ ለጀግናው እንኳ አያዳላም። ይህን ያህል ጨክኖ ለሕጉ የታመነ ደራሲ ጥቂት ነው።

እኔ በወጣትነቴ መጽሐፍ የማገኘው በኪራይ ነበር። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከነበሩት ጠባብ ሱቆች በአንዱ ባለቤቱ መጻሕፍቱን በካኪ ወረቀት ለብጦ፣ የኪራዩን ዋጋ በሽፋኑ ጥግ ላይ ጽፎ ይደረድራቸዋል፤ መታወቂያችሁን ያስይዛችሁና ትወስዳላችሁ። ተከታታይ መጽሐፍ ከሆነ አንደኛውና ሦስተኛው ተገኝቶ ሁለተኛው የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱ ወደ አማርኛ የተመለሰ የባሕር ላይ ጀብዱ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ተገንጥለዋል። ከእኔ በፊት የተከራየ ማንነቱን የማላውቀው አንባቢ ግን ከመስመር ደብተር የቀደዳቸውን ወረቀቶች በነጭ ክር ሰፍቶበት፣ ፍጻሜውን ደቃቅ በሆነ የእጅ ጽሑፍ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎታል። በመጀመሪያው ክፍል ወጣቱ መርከበኛ ከአንድ ነጋዴ ገንዘብ ሲበደር «ወርቁን ባገኝ ከሁሉ አስቀድሜ ላንተ እከፍላለሁ» ብሎ ምሎ ነበር። በደብተሩ ፍጻሜ ላይ መርከበኛው ከወርቁ የደረሰውን ድርሻ ሁሉ ለነጋዴው ቆጥሮ አስረክቦ ባዶ እጁን ወደ እናቱ ቤት ይገባል።

ከዓመታት በኋላ የመጽሐፉን ሙሉ ቅጂ አዲስ አበባ ውስጥ አገኘሁት። በታተመው ፍጻሜ ነጋዴው በማዕበል ይሰጥማል፤ መርከበኛው ከነወርቁ ነጻ ይወጣል። ደራሲው ዕዳውን በማዕበል ሠረዘው ማለት ነው። እንደ ዳኛ ብጠየቅ ለደብተሩ እፈርዳለሁ። ያ የማላውቀው አንባቢ መጽሐፉ የገባውን መሐላ ከደራሲው ይልቅ አስታውሶለታል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ልማድ ያዝሁ፤ እናንተም ብትይዙት አትከስሩም። አንዱን ክፍል ጨርሳችሁ ቀጣዩን ከመክፈታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ቀጥሎ ምን ይሆናል ብላችሁ እንደምትገምቱ፣ ያን ግምት ደግሞ ከመጽሐፉ ሕጎች በየትኛው ላይ እንደመሠረታችሁት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ግምታችሁ ሳይደርስ ሲቀር ተመልሳችሁ ሕጉን በደንብ አንብባችሁት እንደሆነ ትመረምራላችሁ። ሕጉን በደንብ አንብባችሁት ከሆነ ግን ጥፋቱ የደራሲው ነው፤ ይህን ለማለት አትፍሩ። ብዙ ተከታታይ መጽሐፍ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ክፍል በኋላ ለገበያ ሲባል እየተጎተተ ሕጉን የሚረሳበት ጊዜ አለ፤ የሞተው ይነሣል፣ የተዘጋው በር ያለ ምክንያት ይከፈታል። እዚያ ላይ መጽሐፉን ዘግታችሁ ወደ ሌላ ብትሄዱ ማንም አይወቅሳችሁም። ያላለቀ ተከታታይ ስትጀምሩም ትዕግሥታችሁን መዝኑ፤ ጆርጅ ማርቲን በ1996 የጀመረው የ«በረዶና እሳት» ተከታታይ አምስተኛ መጽሐፉ በ2011 ከወጣ ወዲህ አንባቢው ስድስተኛውን በመጠበቅ ላይ ነው። ቅደም ተከተልን በተመለከተ ደግሞ ክርክር የሚነሣባቸው አሉ። የሲ ኤስ ሉዊስ ሰባት የ«ናርኒያ» መጻሕፍት ከ1950 እስከ 1956 የወጡ ሲሆን፣ የዚያን ዓለም አፈጣጠር የሚተርከው በ1955 በስድስተኛ ደረጃ የታተመው ነው፤ ዛሬ በሚሸጡት ስብስቦች ላይ ግን አንደኛ ተብሎ ይቆጠራል። እኔ የምመክራችሁ በታተሙበት ተራ እንድታነቡ ነው፤ ማስረጃ በቀረበበት ተራ ሲሰማ ይሻላልና።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ካላስጠነቀቅኋችሁ ከላይ ያልሁት ሁሉ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ለራሱ ሕግ የታመነ ታሪክ ጥሩ ልብ ወለድ ነው፤ እውነት ግን ላይሆን ይችላል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የሚተርክ «ራሴላስ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። ልዑሉ የሚኖረው በተራራ በተከበበ፣ ምንም ነገር በማይጎድልበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ጆንሰን የአንድ ፖርቹጋላዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚሲዮናዊ) የጉዞ መጽሐፍ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር እንጂ እግሩ አገራችንን ረግጦ አያውቅም። በአንጻሩ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚሁ ጎንደር ገባ፤ በቁስቋም ከእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ተስተናገደ፤ የራስ ሚካኤል ስሑልን ዘመን በዓይኑ አየ። አገሩ ተመልሶ ጥሬ ሥጋ ስለሚበላበት ግብዣ ሲያወራ ግን ለንደን ሳቀበት። ከተጠራጠሩትም አንዱ ጆንሰን ራሱ ነበር። ብሩስ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው ዘግይቶ በ1790 ነው። ቁርጥ ለሚወድ ጎንደሬ ይህ ከአስቂኝም በላይ ነው፤ ሸለቆውን በምናቡ የፈጠረው ሰው፣ አገሩ ላይ የኖረውን ምስክር ተጠራጠረው።

ብሩስ አልፎ አልፎ ራሱን ከፍ ከፍ የሚያደርግ ሰው ስለነበር ቃሉ ሁሉ ጥርት ያለ ነበር አልልም። ነገር ግን በችሎት ላይ የተማርሁት ይህን ነው፤ አጥንቶ የመጣ ሐሰተኛ ምስክር ታሪኩ አንድም ቦታ አይሰነጠቅም፤ እውነተኛው ምስክር ግን ቀኑን ይጠራጠራል፣ ከመስኮቱ በግራ በኩል ያለውን በቀኝ ይላል፣ ሲጠየቅ ይቆጣል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ቢባልም ያለ ጠያቂ ሲጠራ ያየሁት ጥቂት ነው። በእጃችሁ ባለው ስልክ በየሰዓቱ የሚደርሳችሁ ወሬ አብዛኛው አንድም ስንጥቅ የሌለው፣ ጀግናውና ጠላቱ ተለይተው የተቀመጡበት ታሪክ ነው። ልብ ወለድን በልብ ወለድነቱ የለመደ አንባቢ እንዲህ ያለውን ቅንብር ሲያይ «ይህን ማን አቀናበረው?» ብሎ ለመጠየቅ ይፈጥናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሕጉ ያልተሰበረ ታሪክ ስትሰሙ በመጽሐፍ ውስጥ ከሆነ አድንቁ፤ ከመጽሐፍ ውጭ ከሆነ ግን ምስክር ጥሩ።

በእንግሊዝኛ ብቻ እንዳትወሰኑም አደራ እላለሁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ፣ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ የወጣች ልጃገረድ የጀብዱ ታሪክ ነው። በእናንተ ዘመን ደግሞ ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን፣ «ራማቶሓራ»ንና «ዣንቶዣራ»ን በተከታታይ ሲያወጣ የአማርኛ አንባቢም ቀጣዩን ክፍል በጉጉት እንደሚጠብቅ ታይቷል። እነዚህን በቴሌግራም በሚዘዋወር ፒዲኤፍ ሳይሆን ገዝታችሁ አንብቡ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲን መብት የሚጠብቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ክፍል ያልተሸጠለት ደራሲ ሁለተኛውን የሚጽፍበት አቅም ስለማይኖረው ነው።

የመጽሐፍ ዋጋ እንደናረ አውቃለሁ። ስለዚህ አራት አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ የመጽሐፍ ዕቁብ ግቡ። በየወሩ ከሚዋጣው ገንዘብ አንድ ክፍል ይገዛ፤ ዕጣ የወጣለት አስቀድሞ ያንብበው፤ ከዚያ በተራ ይዙር፤ ተከታታዩ ሲያልቅ ማን የትኛውን ቅጽ ቤቱ እንደሚያስቀምጥ በዕጣ ይለይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስት ክፍል ያልበለጠውን ምረጡ፤ ባለ ሰባቱን የጀመሩ ዕቁቦች ሲበተኑ አይቻለሁ። ቅጽ የጠፋበት ሰው በሚቀጥለው ወር ከኪሱ ገዝቶ ይተካ። የጠፋው የመጀመሪያው ክፍል ከሆነ ደግሞ እስኪተካ ድረስ የሌሎቹ ዙር ይቁም፤ ይህንንም ገና ስትጀምሩ በጽሑፍ አድርጋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት።