ሴት ሐኪም ትመርምረኝ ማለት መብት ነው? አሜሪካ ለሚታከሙ ወገኖች ጥያቄና መልስ

ስለ ሐኪም ፆታ ምርጫ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን እመልሳለሁ። ብዙዎቹ ጥያቄዎች ከአሜሪካ ስለመጡ መልሱም በዚያው አገር ሕግና አሠራር ላይ የቆመ ነው፤ ከአዲስ አበባና ከለንደን ለጻፉት ደግሞ ከታች አለላቸው። ካልጠቀስኩ በቀር ዓመተ ምሕረቱ የአውሮፓውያን ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሴት ሐኪም መጠየቅ በሕግ መብቴ ነው ወይስ ልመና ነው?

ሁለቱም አይደለም፣ እህቴ። ለእያንዳንዱ ታካሚ የመረጠውን ፆታ ሐኪም አቅርቡ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም። ሙሉ መብትሽ እምቢ ማለት ነው። ለራሱ መወሰን የሚችል አዋቂ ሰው ማንኛውንም ምርመራ፣ ከተጀመረ በኋላም ቢሆን፣ ማስቆም ይችላል። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) የሚቀበሉ ሆስፒታሎች የታካሚን ፈቃድና ገመና እንዲጠብቁ፣ ቅሬታም እንዲቀበሉ በፌዴራል ደንብ ይገደዳሉ። ስለዚህ ወንድ ሐኪም ይመርምርሽ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። በዚያች ሰዓት ሴት ሐኪም ተረኛ ካልሆነች ግን ሆስፒታሉ ከየትም ሊያመጣልሽ አይገደድም። በመካከል ያለው ሰፊ ቦታ የሚሞላው ቀደም ብሎ በመጠየቅ ነው። ቀጠሮ ስትይዢ የጠየቅሽው አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል፤ ጋውን ለብሰሽ አልጋው ላይ ከተቀመጥሽ በኋላ የጠየቅሽው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቀጠሮ ያስይዝሻል።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የምጠይቀው? እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

መጀመሪያ የኢንሹራንስሽን የሐኪሞች ዝርዝር ክፈቺ። አብዛኞቹ ላይ በፆታም በሚናገሩት ቋንቋም መለየት ይቻላል። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ያረጀ ስለሆነ ስሟን ካገኘሽ በኋላ ክሊኒኩ ደውለሽ አሁንም እዚያ እንደምትሠራና አዲስ ታካሚ እንደምትቀበል አረጋግጪ። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ከሆነ ያለሽ፣ ፕራይመሪ ኬር (መደበኛ) ሐኪምሽን ለመቀየር ከካርዱ ጀርባ ያለው ቁጥር ላይ መደወል ይበቃል። ለማህፀንና ፅንስ ሐኪም ደግሞ ኢንሹራንስሽ ሪፈራል ሊጠይቅሽ አይችልም፤ በቀጥታ ቀጠሮ ትይዣለሽ።

ቀጠሮ ስትይዢ የምርመራውን ዓይነት ጥሪ። «ቼክ አፕ» ብለሽ ከያዝሽ ማንም ክፍት የሆነ ሰው ይመደብልሻል። «ፓፕ ቴስት ነው፣ አይ ኒድ ኤ ፊሜል ፕሮቫይደር» (የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ነው፣ ሴት ባለሙያ እፈልጋለሁ) ስትዪ ግን ምክንያቱ ይገባቸዋል። ቀጥለሽ ጥያቄሽ ፋይልሽ ላይ እንዲጻፍ ንገሪያቸው። በስልክ ብቻ የተነገረ ነገር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ሐኪሟ ስትታመም ወይም ፈቃድ ስትወጣ ቀጠሮሽን ለሌላ ሰው የሚያዛውረው ሠራተኛ የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው። ማይ ቻርት (ከክሊኒኩ ጋር የምትጻጻፊበት መተግበሪያ) ካለሽ በመልእክትም ላኪው። ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ደውለሽ «አሁንም እሷው ናት?» ብለሽ ጠይቂ። ተማሪ ወይም ሬዚደንት (በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) እንዳይገባ ከፈለግሽም አብረሽ ተናገሪ፤ ያም መብትሽ ነው።

ጥያቄ፦ የ11 ሳምንት እርጉዝ ነኝ። የምከታተላት ሐኪም ሴት ናት፣ ግን ምጥ ሲመጣ ማን እንደሚያዋልድሽ አይታወቅም አሉኝ። ምን ላድርግ?

በጊዜ ጠይቀሻል። እዚህ አገር አብዛኛው የወሊድ ሐኪም በቡድን ነው የሚሠራው፤ ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ በተራ ስለሚገቡ ስምንት ወር የተከታተለችሽ ሐኪም ምጥሽ ቀን ላትኖር ትችላለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ በቡድኑ ውስጥ ስንት ሐኪም አለ? ከነሱ ወንዶቹ ስንት ናቸው? ሌሊት የሚሸፍነው የራሳችሁ ሰው ነው ወይስ የሆስፒታሉ ተረኛ?

ወንድ ካለበት አንዱ አማራጭ ሴቶች ብቻ የሚሠሩበት ቡድን መፈለግ ነው። በአሜሪካ ከማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ከግማሽ በላይ ሴቶች ስለሆኑ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ሌላው ሆስፒታል ውስጥ የሚያዋልዱ ነርስ ሚድዋይፎች ናቸው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው። እርግዝናሽ ጤናማ ከሆነ እነሱ ያዋልዱሻል፣ ኤፒዱራልም (በጀርባ የሚሰጥ የምጥ ማደንዘዣ መርፌ) ታገኛለሽ፤ ኦፕራሲዮን ካስፈለገ ግን ሐኪም ይጠራል። መቀየር ካሰብሽ ከ20ኛው ሳምንት በፊት ጨርሺ። ከ30 ሳምንት በኋላ የመጣች እርጉዝ የማይቀበሉ ክሊኒኮች ብዙ ናቸው።

ባለሽበት ከቆየሽ ክትትሉን ተጠቀሚበት። በተለመደው አሠራር እስከ 28ኛው ሳምንት በየ4 ሳምንቱ፣ እስከ 36ኛው በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ትቀርቢያለሽ። በየቀጠሮው ከተለያዩ የቡድኑ ሴት ሐኪሞች ጋር ተገናኚ። የወሊድ ዕቅድሽን ከአንድ ገጽ አታስበልጪው፤ የፆታ ጥያቄሽ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን፣ ረጅም ወረቀት በምጥ ሰዓት የሚያነብ የለም። ሆስፒታል እንደገባሽ ለቻርጅ ነርሷ ንገሪ፤ ነርሶችን የምትመድበው እሷ ናት፣ የማህፀን በር መከፈቱን የምታይ ሴት ባለሙያም መፈለግ ትችላለች።

አሁን አስቸጋሪው ይመጣል። ደም ሲፈስ፣ የሕፃኑ ልብ ምት ሲወርድ ወይም በቫኪዩም ማውጣት ሲያስፈልግ ቅርብ ያለው ሐኪም ይገባል፤ መግባትም አለበት። ለዚያች ደቂቃ የምትፈልጊውን ከወዲሁ ጻፊ፦ የማያስፈልገው የሰውነቴ ክፍል ይሸፈን፣ ሥራ የሌለው ሰው ከክፍሉ ይውጣ፣ በሩ ወይም መጋረጃው ይዘጋ፣ አጠገቤ ሴት ነርስ ትቁም። እነዚህ በድንገተኛ ሰዓትም ጊዜ ሳያባክኑ ሊፈጸሙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ኤፒዱራል የሚሰጠው ወንድ ቢሆንስ?

መጠየቅ ትችያለሽ፤ ግን በአንድ ሌሊት አንድ የማደንዘዣ ሐኪም ብቻ ተረኛ የሚሆንበት ሆስፒታል ብዙ ነው። የሚያየው ጀርባሽን ነው፤ ከፊት በጋውንና በአንሶላ ተሸፍነሽ ትቀመጫለሽ። ሴት ጠብቂ ብዬ አልመክርሽም፤ ምጡ ከገፋ በኋላ መርፌው የሚሰጥበት ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢመርጀንሲ ሩም ውስጥስ?

ጠይቂ፣ ሴት ሐኪም ካለች ብዙ ጊዜ ይለዋወጣሉ። ሜዲኬር የሚቀበልና የኢመርጀንሲ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ፣ ገንዘብ ኖረሽም አልኖረሽም፣ መርምሮ እንዲያረጋጋሽ በ1986 በወጣው ሕግ ይገደዳል። ጥያቄ ስላቀረብሽ ሊያባርርሽ አይችልም። ግን «የምትመርጪያት ሐኪም ከአራት ሰዓት በኋላ ትመጣለች» ሲሉሽ አንድ ነገር ጠይቂ፦ «አራት ሰዓት ብቆይ አደጋ አለው?» ከባድ ደም መፍሰስ፣ እርግዝና እያለ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ካለ እባክሽ አትጠብቂ። የማህፀን ቱቦ ውስጥ ያረፈ እርግዝና ከፈነዳ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድ ሐኪም ብቻ ካለ ሴት ነርስ አብራ እንድትቆም መጠየቅ እችላለሁ?

አዎ፤ እንዲያውም ሳትጠይቂ ሊያቀርቡልሽ ይገባል። የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ከ2020 ጀምሮ ለጡት፣ ለብልትና ለፊንጢጣ ምርመራ ሁሉ፣ ሐኪሙ ሴትም ይሁን ወንድ፣ ሻፐሮን እንዲኖር ይመክራል። ሻፐሮን ማለት ምርመራውን ቆማ የምታይ የተቋሙ ሠራተኛ ናት። እህትሽ ወይም ባልሽ አብረውሽ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሻፐሮኗን ግን አይተኩም፤ ምርመራው በሥርዓቱ መሄዱን የምታውቀው የሠለጠነች ሰው ናት። ሴት እንድትሆን፣ ስሟም ፋይልሽ ላይ እንዲጻፍ ጠይቂ። መጋረጃ ጀርባ የቆመች ሻፐሮን ምንም አታይም፤ ምርመራውን ማየት በምትችልበት በኩል ትቁም።

በማደንዘዣ ስትተኚ ደግሞ የፈቃድ ወረቀቱን አንብቢ። የፌዴራል ጤና መሥሪያ ቤት በሚያዝያ 2024 ባወጣው መመሪያ፣ በማደንዘዣ ሥር ለሚደረግ የማህፀን፣ የጡት ወይም የፊንጢጣ ምርመራ፣ በተለይም ተማሪ የሚያደርገው ከሆነ፣ ሆስፒታሉ አስቀድሞ ፈቃድሽን ማግኘት አለበት።

ጥያቄ፦ ሐኪሟ ሴት ናት፤ አስተርጓሚው ግን ወንድ ሐበሻ ሆነ። አፍሬ የመጣሁበትን ሳልናገር ወጣሁ።

ይህ ከሐኪሙ ፆታ ባልተናነሰ ሕክምና ያበላሻል። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለሽ፤ ሴት እንድትሆን በቀጠሮ ጊዜ ጠይቂ። የከተማሽ ሰው እንዳይሆን ከፈለግሽ በስልክ የሚያስተረጉም ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ግዛት ያለ ሰው ነው፣ ፊትሽን አያይም፣ ስምሽንም መናገር የለብሽም። በቪዲዮ ከሆነ ልብስ ከማውለቅሽ በፊት ስክሪኑ ወደ ግድግዳ ይዙር። ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ፤ ሐኪሙም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን እንዳይጠቀም ደንቡ ይከለክለዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ወንድ ሐኪም እንዲያያት አልፈልግም። ሆስፒታሉ እኔን መስማት የለበትም?

አይ ወንድሜ፣ የሚሰሙት እሷን ነው። ብቻዋን ያናግሯታል፣ አስተርጓሚም ያመጣሉ። እሷም ሴት ከፈለገች ጥያቄው በእሷ አንደበት ይቅረብ፤ ባል ሲናገርላት ሠራተኞቹ ተጽዕኖ አለ ብለው ስለሚጠረጥሩ ነገሩ ይጓተታል። እሷ ወንዱን ሐኪም ከፈቀደች ግን አንተ ልታስቆመው አትችልም። ለጤናዋ ስትል፣ በምጥ ሰዓት ይህን ክርክር አታንሣባት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው፤ ሴት ሐኪም አጥቼ ፓፕ ቴስት ለዓመታት አልተመረመርኩም።

ከ2024 ጀምሮ ክሊኒክ ውስጥ በራስሽ እጅ ናሙና ወስደሽ የኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ማድረግ ተፈቅዷል፤ በ2025 ደግሞ ቤት ውስጥ የሚደረግ ተጨምሯል። መታጠቢያ ቤት ገብተሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ቀጭን ብሩሽ መሰል ነገር አስገብተሽ አዙረሽ ታወጫለሽ። ውጤቱ ኤችፒቪ አለ ካለ ግን በሐኪም የሚደረግ ምርመራ ይከተላል፤ ለዚያ ሴት ሐኪም ከአሁኑ ፈልጊ። ስለ ማሞግራም (የጡት ራጅ) አትጨነቂ፤ የሚያነሱት ባለሙያዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው። በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ ላይ ደግሞ መሣሪያውን ራሴ ላስገባው ማለት ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ የተገረዝኩና የተሰፋሁ ነኝ። ሴት ሐኪም ካገኘሁ ይበቃል?

ሴት መሆኗ ብቻ አይበቃም፣ እህቴ። ከዚህ በፊት የተሰፋች ሴት አክማ ወይም አዋልዳ ታውቅ እንደሆነ ጠይቂያት። ስፌቱን መክፈት በእርግዝና ወቅት ወይም በምጥ ጊዜ ይደረጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል። በመጀመሪያው የእርግዝና ቀጠሮ ተናገሪ። ምጥ ላይ ድንገት ያየች ልምድ የሌላት ባለሙያ ወደማያስፈልግ ኦፕራሲዮን ልትሄድ ትችላለች። ልምድ ያላት ሴት ካልተገኘችና ልምድ ያለው ወንድ ካለ፣ የኔ ምክር እሱን ከሴት ሻፐሮን ጋር መቀበል ነው።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፤ ሴት ነርስ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) እንድታስገባልኝ አልፈልግም። ይስቁብኛል?

መሳቅ የለባቸውም፤ መብቱ እኩል ነው። ለቻርጅ ነርሷ ወንድ ነርስ ይምጣልኝ በላት። ዩሮሎጂስቶች (የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች) አብዛኞቹ ወንዶች ስለሆኑ እዚያ ላይ አትቸገርም። ሽንት ከታገደብህ ግን አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ሆም ኬር ነው የምሠራው፤ ወንድ ነኝ። አንዲት አሮጊት ወንድ አልፈልግም ስላሉ ኤጀንሲው ሺፍቴን ቀማኝ። ሕጋዊ ነው?

ማጠብና ዳይፐር መቀየር ያለበት ሥራ ከሆነ ፍርድ ቤቶች ለደንበኛው ገመና ሲባል ፆታን መለየት የፈቀዱባቸው ጊዜያት አሉ። አሠሪው ግን ሥራውን በሌላ መንገድ ማደላደል እንዳልቻለ ማሳየት ይጠበቅበታል። ምግብ ማብሰል፣ መንዳት ወይም ወንድ ደንበኛ ጋ መሥራት እየቻልክ ሰዓትህን ከቆረጡ ጥያቄ ያስነሣል። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ፣ የቀረብህን ሰዓት መዝግብ። 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ለፌዴራሉ የሥራ እኩልነት ኮሚሽን መክሰስ የሚቻለው፣ እንደ ግዛቱ፣ በ180 ወይም በ300 ቀን ውስጥ ነው።

ቆዳ ቀለም ግን ሌላ ነገር ነው። ኢንዲያና ውስጥ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዋ ጥቁር ሠራተኛ አልፈልግም ስላለች ጥቁሯን ረዳት ነርስ ከክፍሏ ከልክሎ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 ይህ ሕገ ወጥ ነው ብሏል፤ የገመና ክርክር ለፆታ እንጂ ለዘር አይሠራም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው፤ እኛ ጋስ?

የግል ሆስፒታል ከሆነ ካርድ ሲወጣ በስም መምረጥ ይቻላል። በመንግሥት ተቋም የዕለቱ ተረኛ ነው የሚያይሽ፤ ምርመራ ሳይጀመር ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ ንገሪ። ጤና ጣቢያ ላይ ለመደበኛ ወሊድና ለእርግዝና ክትትል ሴት አዋላጅ ነርስ ማግኘት የስፔሻሊስት ሴት ሐኪም የማግኘት ያህል አይከብድም። ታካሚው ሳይፈቅድ ሕክምና እንዳይሰጥ በደንብ ቁጥር 299/2006 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ተደንግጎ ነበር፤ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለውን የጤና ሚኒስቴር መርሕ ጠቅሰሽም መጋረጃና ሴት ነርስ መጠየቅ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለንደን ናት፤ የጡት ምርመራ ደብዳቤ መጣላት።

ትሂድ። በኤንኤችኤስ (በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) የጡት ማሞግራም የሚያነሱት ሴቶች ብቻ ናቸው። ለማህፀን በር ምርመራም ለጂፒው (ለመደበኛ ሐኪሟ ክሊኒክ) ደውላችሁ ሴት ነርስ አስይዙ።

ጥያቄ፦ አስቀድሜ ጠይቄ፣ ተጽፎልኝ፣ ችላ ቢሉኝስ?

በዚያው ቀን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ እነማን እንደነበሩና የተባለውን በአማርኛም ቢሆን ጻፊ። ሆስፒታል ከሆነ ፔሸንት አድቮኬት የሚባለውን ቢሮ ጠይቂና ቅሬታሽን «ግሪቫንስ» ብለሽ በጽሑፍ ስጪ፤ በዚህ ስም የቀረበ ቅሬታ የሆስፒታሉ ተጠሪ ስም፣ የተደረገው ማጣራትና ውጤቱ የሰፈረበት የጽሑፍ መልስ ያስፈልገዋል። ሰባት ቀን አካባቢ እንደ ተገቢ ጊዜ ይቆጠራል። አስተርጓሚ ከከለከሉሽ ለፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ በ180 ቀን ውስጥ አመልክቺ። እምቢ እያልሽ ምርመራ ከተደረገብሽ ግን ጉዳዩ ከፆታ ምርጫ አልፏል፤ ለግዛቱ የሐኪሞች ቦርድ፣ እንደ ሁኔታውም ለፖሊስ የሚቀርብ ነው።