«ሉዊ ሉዊ» የማን ነው?

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር «ሉዊ ሉዊ» በሚባለው ዘፈን ተጨቃጨቅን። እሱ «የሮክ ባንዱ የሞተርሄድ ነው» ይለኛል። እኔ የማውቀው በኪንግስመን ባንድ ነው። ለመሆኑ የማን ነው? ዘፋኙስ የሚለው ለምን አይሰማም? (የሸክላ ወዳጅ)

መልስ፦ ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል። ባለቤቱ ሪቻርድ ቤሪ የተባለ የሎስ አንጀለስ ዘፋኝ ነው። በ1955 (እ.ኤ.አ.) ከመድረክ ጀርባ ተራውን ሲጠብቅ፣ አንድ ባንድ «ኤል ሎኮ ቻ ቻ»ን ሲጫወት ሰማ። የመግቢያዋ ምት ከጆሮው አልወጣ አለችው፤ ግጥም ጻፈላት። በ1957 በሸክላ አወጣው፣ ያውም በጀርባው በኩል። ግጥሙም ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። አንድ የጃማይካ መርከበኛ ሉዊ ለሚባል መጠጥ ቀጂ ፍቅረኛው እንደናፈቀችው ያወራዋል። በቃ።

ቤሪ የዘፈኑን መብት በ750 ዶላር ሸጠ። ሰርጉ ደርሶ ገንዘብ ቸግሮት ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ደግነቱ በ1980ዎቹ ድርሻውን አስመልሷል።

በ1961 ሮኪን ሮቢን ሮበርትስ ከታኮማዎቹ ዌይለርስ ጋር (የቦብ ማርሌዎቹ አይደሉም) ደግሞ ዘፈነው። የኪንግስመኑ ጃክ ኢሊ ይህንን ከጁክቦክስ (ሳንቲም ሲከተትበት ሸክላ ከሚያጫውት ማሽን) ሰምቶ ባንዱን አስጠና። ግን ምቱን ተሳስቶ ነው የያዘው። ዌይለርሶች አራት መትተው ሁለት ነበር የሚሉት፤ ኢሊ ሦስት መትቶ ሁለት አደረገው። ዛሬ ሁላችንም ጠረጴዛ ላይ የምንመታው ያንን ስህተት ነው።

ኪንግስመኖች ሚያዝያ 1963 ፖርትላንድ ውስጥ ስቱዲዮ ገቡ። ወጪው 50 ዶላር ገደማ ነበር። ማይኩ ከላይ ኮርኒሱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ኢሊ አንገቱን ቀና አድርጎ ይጮኻል፤ ጥርሱ ላይ ደግሞ ማስተካከያ ሽቦ አለ። ታዲያ እንዴት ይሰማ? አንዴ ተቀዳ፣ አለቀ።

እኔ ድራም መቺ ስለነበርኩ የምወደው ቦታ ሌላ ነው። ከጊታር ሶሎው በኋላ፣ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል፣ ኢሊ ቀድሞ ይገባና ስህተቱ ሲገባው ቀጥ ይላል። ድራም መቺው ቶሎ ብሎ ክፍተቱን በምት ይሞላለታል። እኛ ባንድ ውስጥ ይህን ዘፈን ስንጫወት ስህተቱን ጭምር ነበር የምናጠናው! ዘፋኛችን አንድ ቀን በትክክለኛው ቦታ ቢገባ ሁላችንም ተደናበርን።

ግጥሙ ስላልተሰማ ሰው የራሱን ብልግና ሞላበት። በ1964 አንድ ወላጅ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ አቤት አሉ፤ ኤፍቢአይ ምርመራ ጀመረ። መርማሪዎቹ ሸክላውን አፍጥነውም አዝግመውም ሰሙት። መደምደሚያቸው «አይሰማም» የሚል ነው። የሚገርመው፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ድራም መቺው ዱላው ተምታቶበት የሚሳደባት ስድብ አለች። እሷን ማንም ልብ አላላትም።

ከዚያ በኋላ ያልዘፈነው የለም። ፖል ሪቪርና ሬይደርስ በዚያው ሰሞን እዚያው ስቱዲዮ ቀዱት፤ አዘፋፈናቸው የጠራ ነው፣ ለእኔ ግን ጨው ያንሰዋል። ኦቲስ ሬዲንግና ኪንክስም አላለፉትም። የልጅዎ ሞተርሄድ የመጣው በ1978 ነው፤ ሻካራ ነው፣ ደስ ይላል፣ አልፈርድበትም።

ለእርስዎ ግን የቱትስና ሜይታልስን እጠቁማለሁ። ጃማይካውያን ናቸው፤ የመርከበኛው አገር ልጆች። አዝግመው፣ በሬጌ ነው የሚዘፍኑት። ድምፁን ከፍ አድርገው ከልጅዎ ጋር ይስሙት።