የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አቀላጥፎ ማንበብና አንብቦ መረዳት

ጥያቄ፦ በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የ5ኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ምንባቡን ድምፃቸውን እያሰሙ ሳይደናቀፉ ያነባሉ፤ ከምንባቡ ሥር ያሉትን የ«አንብቦ መረዳት» ጥያቄዎችም ብዙውን ጊዜ በትክክል ይመልሳሉ። መጽሐፉን አስከድኜ «ያነበባችሁት ስለ ምን ነበር?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። መረዳታቸውን በምን ልለካ? ለማሻሻልስ ጥያቄ ከማብዛት ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ተማሪዎች ጥያቄውን በትክክል መልሰው ምንባቡን መናገር ካቃታቸው በቅድሚያ መመርመር ያለባቸው ጥያቄዎቹ ናቸው። ይህን ትርጉም የለሽ ዓረፍተ ነገር ይመልከቱ፦ «ሰንጢባዋ ድርሞሹን ከፈልሙጦው ሥር ለገመጠችው።» ሰንጢባዋ ድርሞሹን የለገመጠችው ከምን ሥር ነው? አማርኛ የሚናገር ማንኛውም ልጅ «ከፈልሙጦው ሥር» ብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ የተረዳው ነገር ግን የለም። «ማን»፣ «የት»፣ «መቼ» እያሉ ከዓረፍተ ነገሩ አንድ ቃል የሚያስነቅሉ ጥያቄዎች ሰዋስዉ ራሱ መልሱን ስለሚጠቁም፣ ልጁ ቃል ፈልጎ ማግኘቱን እንጂ መረዳቱን አያሳዩም።

ተቃራኒው ጉድለትም አለ። አንዳንድ ጥያቄ ምንባቡ ጨርሶ ሳይነበብ ይመለሳል። ጃኒስ ኪናንና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበትን አንድ የንባብ ፈተና ጥያቄዎች ምንባቡን ላላነበቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰጥተው፣ አብዛኞቹ ጥያቄዎች በግምት ሊገኝ ከሚችለው በላይ በትክክል መመለሳቸውን አሳይተዋል። ይህን ሙከራ እርስዎም ያለ ምንም ወጪ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ያዘጋጁትን ጥያቄ ምንባቡን ላላየ ሌላ ክፍል ይስጡ። «ማር የምትሠራው ማን ናት?» የሚለውን ሁሉም ከመለሱ ጥያቄው የለካው ልጆቹ ከቤት ይዘው የመጡትን ዕውቀት ነውና ይሰርዙት።

ጥሩ ጥያቄ በምንባቡ ውስጥ በቃል ያልተጻፈውን፣ ሆኖም ከተጻፈው የግድ የሚከተለውን ነገር ይጠይቃል። «አልማዝ ከቤት ስትወጣ ጃንጥላዋን ረስታ ነበር። ትምህርት ቤት እንደ ደረሰች ደብተሮቿን አንድ በአንድ ገልጣ መስኮቱ ሥር ዘረጋቻቸው» የሚል ምንባብ ቢሰጥ፣ «ደብተሮቹ ምን ሆነው ነበር? በምን አወቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ዝናብ የሚል ቃል የትም የለም፤ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በአእምሮው ያላገናኘ ልጅ መልሱን ከየትም ገልብጦ አያመጣውም። እኔ በበኩሌ፣ ከአሥር የምርጫ ጥያቄ ይልቅ «በምን አወቃችሁ?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ስለ ልጁ መረዳት የበለጠ ትነግረናለች ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉን አስከድነው ማስተረክዎም እንዲሁ የታወቀ መለኪያ ነውና አይተዉት፤ ዋናውን ነገር፣ ቅደም ተከተሉንና ምክንያቱን ለየብቻ ነጥብ ቢሰጡበት ውጤቱን ካለፈው ወር ጋር ለማነጻጸር ይመችዎታል።

ቀጥሎ ችግሩ ከየት እንደ መጣ መለየት ያስፈልጋል። ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ሐሳብ እስከ ዛሬ የዘርፉ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። እንደ እነርሱ አባባል አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ አንዱ ጽሑፉን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታ ሲሆን ሁለተኛው ቋንቋውን ሰምቶ የመረዳት ችሎታ ነው። ድምር ሳይሆን ብዜት በመሆኑ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። በተግባር ሲታይ፣ ተመጣጣኝ ክብደት ካላቸው ሁለት ምንባቦች አንዱን ልጁ ራሱ እንዲያነበው፣ ሌላውን ደግሞ እርስዎ እንዲያነቡለት ያድርጉና በሁለቱም ላይ ይጠይቁት። ሲሰማ ተረድቶ ሲያነብ ካልተረዳ እንቅፋቱ ያለው ፊደሉና ቅልጥፍናው ላይ ነው። በሁለቱም ካልተረዳ ግን የጎደለው የቃላት ሀብት ወይም ስለ ጉዳዩ ያለው ዕውቀት ነው፤ እርስዎ እንደ ገለጹልኝ ከሆነ ብዙዎቹ ተማሪዎችዎ ከዚህኛው ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም።

በአገራችን ትኩረቱ ከሁለቱ ችሎታዎች በመጀመሪያው፣ ማለትም ጽሑፉን ወደ ቃል በመለወጡ ላይ መሆኑ ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶው ደግሞ ከመረዳት ጥያቄዎቹ አንዱንም አልመለሱም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስተዋለ ሰው በመካከላቸው ያሉትን ልጆች ያያል፤ ቃል እያነበቡ ትርጉም ያልያዙ ልጆች ናቸው። ማንበብ ያልቻለው ልጅ ወዲያው ስለሚታወቅ እርዳታ ሊያገኝ ይችላል፤ እነዚህ ግን ድምፃቸው ስለሚያምር ማንም ሳያያቸው ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ 7ኛ ክፍል ሲደርሱ ሳይንሱና ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። እርስዎ በ5ኛ ክፍል ያስተዋሉት ነገር አሳሳቢ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ማሻሻሉ ስንመጣ፣ ጥያቄ ማብዛት ማስተማር አለመሆኑን በግልጽ ልናገር እወዳለሁ። አሜሪካዊቷ ዶሎረስ ደርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 እና 1979 ባወጣችው ጥናት በ4ኛ ክፍል የንባብ ክፍለ ጊዜዎች ተገኝታ 4,469 ደቂቃ ያህል ተከታትላ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንዴት እንደሚረዱ ለተማሪዎቹ ለማስተማር የዋለው 20 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ መምህራኑ ይጠይቁና ያርሙ ነበር እንጂ መንገዱን አያሳዩም ነበር። የእኛም ክፍሎች ከዚህ ብዙ የሚርቁ አይመስለኝም።

መንገዱን ማሳየት ማለት ምን እንደሆነ አንማሪ ፓሊንክሳርና አን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሥራ በሚገባ አሳይተዋል። የመረጧቸው ተማሪዎች ልክ እንደ እርስዎዎቹ ማንበብ ችለው መረዳት ያቃታቸው የ7ኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። መምህሩ አንድ አንቀጽ ካስነበበ በኋላ በራሱ አንደበት፣ ልጆቹ እየሰሙት አራት ነገር ያደርጋል፤ ከአንቀጹ ጥያቄ ያወጣል፣ ፍሬ ነገሩን ያጠቃልላል፣ ግልጽ ያልሆነውን ቃል ወይም ሐሳብ ያፍታታል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ይተነብያል። በሚቀጥለው አንቀጽ የመምህሩን ቦታ አንድ ተማሪ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ይንተባተባሉ፤ ጥያቄያቸውም ከዓረፍተ ነገሩ ላይ የተቀዳ ይሆናል፤ መምህሩ እያቃናቸው ቀስ በቀስ እጁን ያወጣል። 20 ቀን ያህል በቆየው በዚህ ሥልጠና የተማሪዎቹ ውጤት በግልጽ አድጓል። ክፍልዎ ውስጥ ብዙ ተማሪ ካለ በአንድ ዴስክ የተቀመጡትን ቡድን ያድርጓቸውና አራቱን ሥራ ያከፋፍሏቸው፤ በየአንቀጹም ሥራቸውን ይለዋወጡ።

ይህ ዘዴ ብቻውን ግን አይበቃም። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ለ64 ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ምንባብ ሰጥተው፣ በንባብ ደካማ ሆነው ጨዋታውን የሚያውቁት፣ በንባብ ጎበዝ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት የተሻለ መረዳታቸውን አረጋግጠዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ ከአንዱ ርእስ ወደ ሌላው ከመዝለል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት በአንድ ርእስ ላይ፣ ለምሳሌ በቡና ወይም በአዋሽ ወንዝ ላይ፣ የተለያዩ ምንባቦችን ማስነበብ ይመረጣል፤ ከመጀመሪያው ምንባብ የተገኘው ቃልና ዕውቀት ሁለተኛውን ያቀልለዋል።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ነው የምጽፈው። የ3ኛ ክፍል ልጄን በየማታው ሰዓት ይዤ በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያነብ እቆጥራለሁ። ትክክል ነው?

መልስ፦ በየማታው ማስነበብዎ እጅግ ጥሩ ነው፤ ቆጠራውን ግን በወር አንድ ጊዜ ቢያደርጉት ይበቃል። ለእንግሊዝኛ የወጡ የፍጥነት መጠኖችን ለአማርኛ አይጠቀሙ፤ የእኛ አንድ ቃል ባለቤቱንም ተሳቢውንም ደርቦ ስለሚይዝ በደቂቃ የሚነበበው የቃል ብዛት በሁለቱ ቋንቋዎች እኩል ሊሆን አይችልም። በሰዓቱ ፋንታ ጆሮዎን ይስጡት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ «አለ» እና «ገና» የመሳሰሉትን ቃላት በትክክል አጥብቆ ወይም አላልቶ የሚያነበው የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ የተከተለ ልጅ ነው። ሲሳሳት ወዲያው አያርሙት፤ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስና «እንዲህ ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጠይቁት። ንባቡ ሲያልቅ ደግሞ ታሪኩን ለእናቱ ወይም ለአያቱ ይንገራቸው። በቤት ያሉት መጻሕፍት ካለቁበት አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሩቅ አይደለምና ቅዳሜ ይዘውት ይሂዱ፤ የሚያነበውንም ራሱ ይምረጥ።