ስለ ኤፍ-5 ጠይቁኝ፦ ከደብረ ዘይቱ ሐረር ሜዳ ሰማይ እስከ ሙዚየም

የዕድሜዬን እኩሌታ ጄት ስፈታና ስገጥም የኖርኩ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነኝ። ስለ ኤፍ-5፣ አየር ኃይላችን ስላበረረው አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊ ጄት፣ የጠየቃችሁኝን ከነመልሱ አስቀምጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከኤፍ-5 በፊት አየር ኃይላችን ተዋጊ ጄት ነበረው?

ነበረው እንጂ! በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤፍ-86 ሴበር ገብቷል፤ በኮሪያ ሰማይ ላይ ከሶቪየቱ ሚግ-15 ጋር የተፋለመው ያው ጄት ነው። የእኛዎቹ ሴበሮች በ1954 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ስር ኮንጎ ድረስ ዘምተዋል። ይህን የሚያውቅ ወጣት ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ኤፍ-5ኤ እና ኤፍ-5ኢ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኤው ቀደም ያለው ነው፤ ወደ እኛ የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ቀላል፣ ራዳር የሌለው፣ አብራሪው በዓይኑ ፈልጎ የሚዋጋበት። ኢው ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ነሐሴ 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ሲሆን ጉልበቱ የጨመረ ሞተር፣ አነስተኛ ራዳርና የተሻሻለ ክንፍ አለው። ሁለቱም ባለ ሁለት ሞተር ናቸው፤ አፍንጫቸው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ አለ።

እኔ የምወደው የኢውን የፊት እግር ነው። ለመነሳት ሲዘጋጅ አብራሪው ማብሪያውን ሲጫን የፊት እግሩ ይረዝምና አፍንጫው ቀና ይላል። ጄቱ ቆሞ ሳለ አንገቱን እንዳነሳ ፈረስ ይመስላል። ይህም ባጭር ርቀት እንዲነሳ ይረዳዋል።

ጥያቄ፦ ሶማሊያ የነበራት ሶቪየት ሠራሹ ሚግ-21 ከኤፍ-5 ይፈጥናል ይባላል። ታዲያ በኦጋዴን ጦርነት እንዴት ተበለጠ?

እውነት ነው፣ ይፈጥናል። ሚግ-21 የድምፅን ፍጥነት ሁለት እጥፍ ይደርሳል፤ ኤፍ-5ኢ 1.6 እጥፍ ገደማ ነው። ነገር ግን የአየር ውጊያ ሲጀመር ሁለቱም ይጠማዘዛሉ፣ በተጠማዘዙ ቁጥር ፍጥነት ይወርዳል። ፍጥነቱ ሲወርድ ደግሞ ኤፍ-5 እንደ ልብ ይታዘዛል፤ ሚጉ ግን ይከብዳል።

ይህ የእኛ ወገንተኝነት አይደለም። ሶቪየቶች ከደቡብ ቬትናም የተማረከ ኤፍ-5ኢ ወስደው፣ በ1968 እና 1969 ዓ.ም. አኽቱቢንስክ በሚባለው የሙከራ ማዕከላቸው ከሚግ-21 ጋር አፋልመውት ነበር። በቅርብ ርቀት ፍልሚያ የበለጠው ኤፍ-5 ነው። ያን ሙከራ ጨርሰው ብዙም ሳይቆዩ የእኛና የሶማሊያ ጄቶች ኦጋዴን ላይ ተገናኙ። አሜሪካኖችም ቢሆኑ አብራሪዎቻቸውን ሲያለማምዱ እንደ ሚግ-21 አድርገው ያፋለሟቸው ኤፍ-5ን ነበር፤ ስለዚህ የሁለቱን ጠባይ አብጠርጥረው ያውቁታል።

ግን ጄቱ ብቻውን አላሸነፈም። አብራሪዎቻችን በሚገባ የሠለጠኑ ነበሩ። የካራማራ ራዳርም ጅጅጋ መስከረም 1970 ዓ.ም. ላይ እስክትያዝ ድረስ ጠላት ከየት እንደሚመጣ ይነግራቸው ነበር። ከምድር የሚመራህ ሰው ካለ ውጊያውን የምትጀምረው አንተ በፈለግኸው አቅጣጫ ነው። ስለ አብራሪው ሲወራ ራዳሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ያደረውን ሰው መርሳት ግፍ ነው።

ጥያቄ፦ ጄኔራል ለገሰ ተፈራ የበረሩት ኤፍ-5 ነው?

አዎ። በዚያው በኦጋዴን ጦርነት በርካታ የሶማሊያ ጄቶችን ከጣሉ በኋላ ተመትተው ወደቁና ተማረኩ። 11 ዓመት ሶማሊያ ታስረው በ1980 ዓ.ም. የእስረኞች ልውውጥ ሲደረግ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያን ያህል ዓመት! ዛሬም ስጽፈው ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ፊቷን ስታዞር መለዋወጫ ከየት መጣ?

የታዘዙት ኤፍ-5ኢዎች ሁሉ ሳይደርሱ ነበር ግንኙነቱ የተበላሸው። ዕቃ ሲቋረጥ በየትኛውም አገር አየር ኃይል የሚደረገው አንድ ነው፦ ከቆመው ነቅሎ ለሚበረው መግጠም። ኤፍ-5 ለዚህ ምቹ ነው። የጭራው ክፍል ተፈትቶ ይወጣና ሞተሩ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ይመጣል። አንዱ ሞተር 300 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለተዋጊ ጄት ይህ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ጄት ለማቆየት ቀለም ቀብቶ በር ላይ ማቆም አይበቃም?

አይበቃም፤ እንዲያውም ብዙ ጄት የሞተው በቀለም ነው። ዝገቱ ከውስጥ ነው የሚጀምረው። አሉሚኒየምና ብረት በተነካኩበት፣ ውሃ በገባበት፣ የወፍ ኩስ በተጠራቀመበት ቦታ ይበላል። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ዱቄት ሆኗል። አንድ ጊዜ የቆመ ጄት ክንፍ ሥር እጄን ሰድጄ የውሃ ማፍሰሻዋን ቀዳዳ ስዳብስ፣ በቀለም ተደፍና አገኘኋት። በሽቦ ስከፍታት ጥቁር ውሃ ተንዠቀዠቀ። የቀባው ሰው ያሳመረ መስሎት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ነዳጁና የሃይድሮሊክ ዘይቱ ይፍሰስ። የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው ወፍ እንዳይገባ ይዘጋ፤ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ግን ክፍት ይሁኑ። ጎማው ክብደት እንዳይሸከም ጄቱ በድጋፍ ይነሳ። ካኖፒው፣ ማለትም ከአብራሪው በላይ ያለው ግልጽ ክዳን፣ በፀሐይ ስለሚሰነጣጠቅ ነጭ ጨርቅ ይልበስ፤ በቤንዚን ወይም በአልኮል እንዳትጠርጉት፣ ወዲያው ይደበዝዛል።

አሮጌውን ቀለም ደግሞ እባካችሁ አትፋቁት! የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ብታሹ፣ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት የየዘመኑ ቀለም ተራ በተራ ይወጣል። ከላይኛው ቁጥር ሥር ሌላ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ያ ቁጥር ጄቱ ማን እንደነበር የሚነግር ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል። ጥይት የበሳው ቦታ ላይ የተለጠፈ ቆርቆሮ ካለም በፍጹም አትለውጡት።

ጥያቄ፦ ልጆች ኮክፒቱ ውስጥ ተቀምጠው ፎቶ ቢነሱስ?

አብራሪውን የሚያስፈነጥረው ወንበር ባሩድ አለው። ካኖፒውን አሽቀንጥሮ የሚጥለውም እንዲሁ። ባለሙያ አውጥቶ በጽሑፍ እስካላረጋገጠ ድረስ ማንም አይቀመጥ። 40 ዓመት ቆሟል ብሎ መድፈር ሞት ነው።

ጥያቄ፦ ከቬትናም የተማረኩት የት ደረሱ?

አንዱ ፖላንድ፣ ክራኮቭ ከተማ በሚገኘው የአቪዬሽን ሙዚየም ቆሟል። ለእይታ የሚሄድ ካለ የፊት እግሩን ይይልኝ።

ጥያቄ፦ አባቴ ደብረ ዘይት የጄት መካኒክ ነበሩ። ከሞቱ በኋላ አንድ ሳጥን ወረቀትና ፎቶ ተገኘ። ልጣለው ወይስ ለማን ልስጥ?

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። በጭራሽ እንዳትጥይው። የጥገና መዝገብ ካለው የየትኛው ጄት የትኛው ሞተር መቼ እንደተለወጠ ከሳጥንሽ ውጭ የትም ላይገኝ ይችላል። ወረቀቶቹን ካሉበት ቅደም ተከተል አታፋልሺ። ብረት መርፌና ክሊፕ ካለ ንቀይ፣ ወረቀቱን ያዝገዋል። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አታስገቢ፣ ይታፈናል። ሁሉንም በስልክሽ አንሺና ቅጂ ያዥ። ከዚያ እናትሽን ወይም ከአባትሽ ጋር የሠሩ ሽማግሌዎችን አስቀምጪና፣ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀሽ ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ጻፊ፤ በእስክሪብቶ አይሁን፣ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል። በዚህ ሳምንት ጀምሪው። የጭራው ቁጥር የሚነበብበት ፎቶ ካለ ለእኔም አሳዪኝ።