ማንኪያውን ዘንበል አድርጊው

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ እንዴት ነሽ? የምጽፍልሽ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ልጄ ባለፈው ሳምንት 6 ወር ሞላው። ምግብ ልጀምርለት ስል ግራ ገባኝ። አማቴ አጥሚት ቀጠን አድርገሽ በጡጦ ስጪው ይሉኛል። ጓደኞቼ ደግሞ አትክልት በጁስ መፍጫ ፈጭተሽ ስጪው ይላሉ። እኔ መፍጫ የለኝም፣ መብራቱም አይታመንም። ባለቤቴ አሳ ያመጣል፣ ግን እሾሁን እፈራለሁ። ጾም ሲገባስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ያሳድግልሽ እህቴ! ስለ መፍጫው አትጨነቂ። ሹካና የሻይ ማጥለያ ካለሽ ይበቃሻል። እኔን የሚያሳስበኝ የምግቡ ውፍረት ነው። የልጅሽ ሆድ ትንሽ ነው፣ በአንዴ ከአንድ ኩባያ በላይ አይይዝም። ያንን በውሃ ከሞላሽው ሆዱ ይጠግባል፣ ሰውነቱ ግን የሚያስፈልገውን አያገኝም።

ይህን ያወቅሁት በመጀመሪያ ልጄ ነው። ቀጭን አጥሚት በጡጦ አጠጣት ነበር። ጠጥታ ጭጭ ብላ ስትተኛ ጠገበች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። በ9 ወሯ ለኩፍኝ ክትባት ስወስዳት ኪሎዋ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ነርሷ ምን እንደምትበላ ጠይቃኝ ስነግራት «ማንኪያውን ዘንበል አድርጊው» አለችኝ። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጥኗል። ማንኪያው ላይ ቆየት ብሎ ቀስ ብሎ ጠብ ካለ ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለዚህ ሙከራ አብልቼ አላውቅም።

አማትሽ ስለ እህሉ አልተሳሳቱም። ጤፍ፣ ገብስ፣ አጃና ሽምብራ የገባበት ምጥን ለልጅ ጥሩ ነው፣ የሚቀነሰው ውሃው ነው። ወፍራም ገንፎ መዋጥ ካስቸገረው የብቅል ዱቄት ይኑርሽ። ገንፎውን አብስለሽ ከእሳት አውርጂው፣ ትንሽ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ብቅል ጨምረሽ አማስዪው። ውሃ ሳትጨምሪ በደቂቃዎች ውስጥ ላላ ሲል ታዪዋለሽ። ከዚያ መልሰሽ አፍይው። ጡጦውን ግን ተይው፣ ለማጠብ ያስቸግራል፣ ልጁም ማላመጥ አይለምድበትም። ማንኪያና ኩባያ ይሻላል።

አሁን ወደ ድስቱ እንግባ። አንድ ቁራጭ ዱባ ልጠሽ፣ ከአንድ እፍኝ የታጠበ ምስር ክክ ጋር፣ ውሃው ከላይ ትንሽ ሸፈን እስኪያደርገው ጨምረሽ ጣጂው። ዱባው በሹካ ሲነካ መፍረስ አለበት፣ ምስሩም ቅርጹን ማጣት አለበት። የተረፈ ውሃ ካለ ለብቻ አጥልለሽ አስቀምጪው፣ ከወፈረ መልሰሽ ትጨምሪበታለሽ። በሹካ ደፍጥጪው፣ ከዚያ በማጥለያው ላይ አድርገሽ በማንኪያ ጀርባ እየተጫንሽ አሳልፊው። ማጥለያው ላይ የዱባው ቃጫ ይቀራል፣ ከታች የሚወርደው እንደ ቅቤ የላመ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ለጋ ቅቤ ጨምሪበት፣ በዱባው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይዋሃድም። በርበሬም ጨውም አታድርጊ። ከ8 ወር በኋላ ማጥለያውን ተይው፣ በሹካ የተደፈጠጠ ይበቃዋል።

ስለ አሳው፣ ጣና ዳር እየኖርሽ ይህን ጸጋ አትለፊው። ስድስት ወር ሲሞላ ልጁ ሲወለድ ይዞት የመጣው ብረት እያለቀ ነው፣ በጡት ወተት ያለውም አይበቃውም። አሳ፣ እንቁላልና ጉበት የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ነጭ አሳ ቀጫጭን እሾህ ይበዛበታል፣ ስለዚህ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ያምጣልሽ፣ ፊሌቶ ሆኖ። በሳህን አድርገሽ በሚፈላ ውሃ ድስት ላይ ከድነሽ በእንፋሎት አብስዪው። ሲበርድ እጅሽን ታጠቢና ሥጋውን ትንሽ ትንሽ እየቆረስሽ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ መካከል እሺው። እሾህ ካለ እንደ ፀጉር ጣትሽን ይነካሻል። ሁለት ጊዜ ፈትሺ፣ አትቸኩዪ። ከዱባው ጋር አዋህደሽ ስጪው። አዲስ ምግብ ሁሉ አንድ በአንድ ይጀመር፣ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቂ፣ ሽፍታ ወይም ትውከት ካልመጣ ቀጥዪ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለን ሕፃን ጹም አትልም። ብዙ እናቶች የሚሰጉት ልጁ እንዳይበላ ሳይሆን ዕቃው ከጾም ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ነው፣ ይገባኛል። ታዲያ ለልጁ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለይለት፣ ለብቻው ይታጠብ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ እንቁላል የማያገኝ ልጅ ብዙ ነገር ይጎድልበታል።

ሲጀምር 2 ወይም 3 ማንኪያ፣ በቀን 2 ጊዜ ይበቃዋል። እስከ 8 ወሩ ድረስ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ አድርሺው። ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። ሻይ አትስጪው፣ ብረቱን ያስቀርበታል። የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ አይምርም፣ የበሰለ ምግብ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ አታቆዪ። መብራት የሚጠፋ ከሆነ ለአንድ ጊዜ የሚሆነውን ብቻ ሥሪ።

ጥያቄ፦ የ7 ወር ሴት ልጅ አለችኝ፣ የምኖረው ጎርጎራ ነው። ምግቧ ጣዕም እንዲኖረው ማር ጠብ ባደርግበትስ? እናቴ ሁላችንንም ማር እያላሰች ነው ያሳደገችን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ 1 ዓመት እስኪሞላት ማር በአፏ እንዳይገባ፣ ጠብታም ቢሆን። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ የሚያመጣ የጀርም ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፣ የሕፃን አንጀት ግን ገና ነው። ሲይዛት ጡንቻዋን ያዝላል፣ መተንፈስም ሊያቅታት ይችላል። ቤት ውስጥ ማፍላት ዘሩን አያጠፋውም። ጣፋጭ ከፈለግህላት የበሰለ ሙዝ፣ ማንጎ ወይም ፓፓያ ደፍጥጥላት። ማሩን ለእናቷ ስጣት፣ የምታጠባ እናት ብትበላው ምንም አይደለም።